አምባ፣ ገደል፣ በግ፦ በሳይክል የሚዞሩት ጸጥ ያሉት የደቡብ ፈረንሳይ መንገዶች

ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ስንቶቻችሁ ስልካችሁ ላይ ተደፍታችሁ እንደነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ "ሳይክል ይዤ ፈረንሳይ ብሄድ የት ልንዳ?" የሚል ጥያቄ በተለይ አውሮፓ ካሉ ተከታታዮቻችን ይመጣል። አብዛኛው ሰው አልፕስን ወይም ፒሬኔን ነው የሚያስበው። እኛ ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው ወደማያውቀው አካባቢ እንውሰዳችሁ። መኪና እምብዛም የለም፣ ሰው እምብዛም የለም፣ በግ ግን ሞልቷል። ላይክ አድርጋችሁ የምታልፉት ሳይሆን ሴቭ የምታደርጉት ጽሁፍ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው የት ነው?

ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ማሲፍ ሳንትራል የሚባለው ከፍተኛ ምድር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው። ሰፊው ክፍል ሎዜርና አቬሮን በሚባሉ ሁለት አስተዳደሮች ስር ይገኛል። የአካባቢው ሰው ምድሩን "ኮስ" ይለዋል። ኮስ ማለት አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል የሆነ የኖራ ድንጋይ አምባ ነው። አምባ ስንል ለእናንተ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፣ የደጋ ልጅ የሆነ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል። ትልልቆቹ አራት ናቸው፦ ሶቭቴር፣ ሜዣን፣ ኖዋርና ላርዛክ። ድሮ አንድ ነበሩ፣ ወንዞች ናቸው የቆራረጧቸው። ታርን ወንዝ ሶቭቴርን ከሜዣን ይለያል፣ ዦንት ሜዣንን ከኖዋር፣ ዱርቢ ደግሞ ኖዋርን ከላርዛክ።

ይህቺን የወንዞች ቅደም ተከተል ያዙልኝ፣ ካርታው ሁሉ የሚገባችሁ በሷ ነው። ለሳይክል ነጂ ያለው መንገድ ሶስት ዓይነት ብቻ ነውና። አንደኛው ወንዙን ተከትሎ ከገደሉ ስር የሚሄድ ነው፣ ሜዳ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አምባው ላይ ያለው ነው፣ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል እንጂ አይከብድም። ሶስተኛው ሁለቱን የሚያገናኘው ጥምዝምዝ ዳገት ነው። ሸለቆዎቹ ከ400 እስከ 600 ሜትር ጥልቀት አላቸው። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ አባይ ላየ ሰው ከግማሹ ያንሳል ብሎ መገመት ይችላል። ግን ይህም ቢሆን እግር ያውቀዋል።

ለምን ጸጥ አለ?

ጸጥታው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሎዜር ከፈረንሳይ አስተዳደሮች ሁሉ ጥቂት ሰው የሚኖርበት ነው። ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይዞ የነዋሪው ቁጥር 80 ሺህ አይሞላም። በ1880ዎቹ ከ140 ሺህ በላይ ነበር። ሰዉ ወደ ከተማ፣ ወደ ማዕድን ማውጫ፣ ወደ ፓሪስ ሄደ፣ ብዙው አልተመለሰም። ሜዣን አምባ ላይ ስትነዱ የምታዩት የድንጋይ ቤት ሁሉ ሰው ያለበት እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ በበጋ ብቻ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ጣሪያው ወድቋል።

ሁለተኛው ምክንያት ኤ75 የሚባለው ፈጣን መንገድ ነው። ድሮ በዚህ በኩል ከፓሪስ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወርደው መኪና ሁሉ ሚዮ ከተማ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚያልፈው። በበጋ ዕረፍት ሰሞን የነበረው መጨናነቅ አገር ሙሉ የሚያወራለት ነበር። በታህሳስ 2004 የሚዮ ድልድይ ተከፈተ። ርዝመቱ 2,460 ሜትር ነው፣ ከመሬት እስከ ምሰሶው ጫፍ 343 ሜትር ይሆናል። መኪናው በላይ በላይ ማለፍ ጀመረ፣ አሮጌው መንገድ ለትራክተርና ለሳይክል ተረፈ። ድልድዩ ላይ ሳይክል አይፈቀድም። ግን ከስሩ ነድቶ ማለፍ ይቻላል፣ ፎቶውም ከታች ነው የሚያምረው።

ስለዚህ የምትደሰቱበት ባዶ መንገድ የሌላ ሰው ስደት ነው። ይህ በቀጥታ እናንተንም ይነካል፦ ሱቅ የለም፣ ካፌ ተዘግቷል፣ ውሃ የለም። ወደዚህ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ታርንን ተከትሎ፣ ከሚዮ ወደ ፍሎራክ

ለጀማሪ ይህን ነው የምንመክረው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ሚዮ በ350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ፍሎራክ 545 አካባቢ። ማለትም ቀኑን ሙሉ ነድታችሁ በመነሻውና በመድረሻው መሃል ያለው የከፍታ ልዩነት ትንሽ ነው። ለ ሮዚዬ፣ ሌ ቪኝ፣ ላ ማሌን፣ ሴንት ኤኒሚ፣ ኢስፓኛክ የሚባሉ መንደሮችን በዚህ ቅደም ተከተል ታልፋላችሁ። የመንገዱ ቁጥር ከለ ሮዚዬ ወዲያ "ዲ 907 ቢስ" ነው። "ዲ" የሚለው ፊደል የአስተዳደሩ መንገድ ማለት ነው፣ ምልክቱ ቢጫ ነው። እዚህ አገር ለሳይክል ጥሩ የሚባለው መንገድ ሁሉ ማለት ይቻላል "ዲ" ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መንገዱ አለት እየበሳ የሚያልፍባቸው አጫጭር ዋሻዎች አሉ፣ ከጸሃይ ወደ ጨለማ በአንድ ጊዜ ነው የምትገቡት። መብራት በቀንም ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ሸለቆ ጸጥ ያለ አይደለም። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ትልቅ የካምፕ መኪና የሚነዳ ሁሉ እዚህ ነው የሚከማቸው። ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ላይ ሂዱ። በበጋ ብቻ ከሆነ የሚመቻችሁ ማለዳ ተነሱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት (በእኛ አቆጣጠር) መንገዱ የናንተ ነው።

ሁለተኛው፦ ሜዣንን መዞር

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። የሚነሳው ከለ ሮዚዬ ነው፣ ታርንና ዦንት ከሚገናኙበት። መጀመሪያ የዦንትን ሸለቆ ይዛችሁ ወደ ሜይሩዬስ ትወጣላችሁ፣ 21 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ይወጣል ግን ሳታውቁት ነው የሚያወጣችሁ፣ ሰውነት ለማሟሟቅ ጥሩ ነው። ቀና ስትሉ ገደሉ አናት ላይ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሳዎች ታያላችሁ።

እነዚህ አሞራዎች ታሪክ አላቸው። በጥይትና በመርዝ አልቀው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢው ላይ አንድም አልቀረም ነበር። ከ1981 ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች እየተለቀቁ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ሆነዋል። በግ የሞተበት ገበሬ ሬሳውን በተፈቀደለት ቦታ ያስቀምጣል፣ እነሱ ያጸዱለታል። መኪና ጠርቶ፣ ከፍሎ ከማስወሰድ ይሻላል፣ አይደል?

ሜይሩዬስ ላይ ጠርሙሳችሁን ሙሉ። ይህን ደግመን እንላለን፦ ሙሉ። ከዚያ ወደ ሜዣን አናት የሚወስደውን ዳገት ትጀምራላችሁ፣ ከ700 ሜትር ወደ 1,000 ገደማ። ላይ ስትደርሱ ዓለም ትቀየራለች። ዛፍ የለም፣ አጥር የለም፣ ሳሩና ነጭ ድንጋዩ እስከ አድማስ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ይገፋችኋል። መንገዱ ዳር አቨን አርማን የሚባለው ዋሻ አለ፣ በ1897 ነው የተገኘው። ውስጡ ከወለሉ ተነስቶ 30 ሜትር የቆመ የኖራ ድንጋይ አምድ አለ። ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ለ ቪላሬ የሚባለው መንደር አጠገብ የፕርዜቫልስኪ ፈረሶችን ታያላችሁ። ሞንጎሊያ ውስጥ ከዱር ጠፍተው የነበሩት እነዚህ የዱር ፈረሶች በ1993 እዚህ መጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሜዣን ሞንጎሊያን ይመስላል። በኋላ የእነሱ ዘር ወደ ሞንጎሊያ ተመልሷል።

ከአምባው ወደ ላ ማሌን የሚወርደው መንገድ ጠባብና ጥምዝምዝ ነው። ፍሬናችሁን ላይ እያላችሁ ፈትሹ። ታች ስትደርሱ ታርንን ይዛችሁ ወደ ለ ሮዚዬ ትመለሳላችሁ። ዙሩ በአጠቃላይ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ70 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሃያ የማይበልጠው አምባው ላይ ነው፣ የሚታወሰው ግን እሱ ነው።

ፔርዡሬ፦ ቁልቁለቱን አትናቁት

ከፍሎራክ ወደ ሜይሩዬስ የሚወስድ ሌላ መንገድ አለ፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል። 1,028 ሜትር ላይ ያለውን የፔርዡሬ በር ያቋርጣል። ይህ በር የሜዣን አምባ ከኤግዋል ተራራ ጋር የሚያያዝበት አንገት ነው። ዳገቱ ረዥም ቢሆንም ጨካኝ አይደለም። ታዋቂ ያደረገው ቁልቁለቱ ነው።

ሐምሌ 10 ቀን 1960 ቱር ደ ፍራንስ ከሚዮ ወደ አቪኞን እየተጓዘ ነበር። ሮዤ ሪቪዬር የሚባል የ24 ዓመት ፈረንሳዊ በአጠቃላይ ውጤት ሁለተኛ ነው። በ1958 በአንድ ሰዓት 47.347 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ልጅ ነው። መሪው ጣሊያናዊው ጋስቶኔ ኔንቺኒ በቁልቁለት አወራረድ የሚፈራ ነበር። ሪቪዬር ከጎማው ላለመለየት ተከተለው። አንድ ኩርባ አመለጠው፣ ከመንገዱ ወጥቶ ገደል ውስጥ ገባ። አከርካሪው ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ተወዳድሮ አያውቅም። መጀመሪያ ፍሬኑ ነው ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ሃይለኛ የህመም ማስታገሻ ወስዶ እንደነበር ታወቀ፤ መድሃኒቱ እጁን አደንዝዞት ፍሬን በጊዜ መያዝ እንዳልቻለ ይነገራል። በ1976 በ40 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። የወደቀበት አካባቢ መታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። ብዙ ነጂ እዚያ ጋ ወርዶ ፎቶ ያነሳና ቀስ ብሎ ይቀጥላል። እናንተም ቀስ በሉ። ስትራቫ ላይ የቁልቁለት ሪከርድ የያዘን ሰው የሚሸልም የለም።

ኤግዋል፦ ለጠንካሮቹ

ከሜይሩዬስ ወደ ኤግዋል አናት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው 1,565 ሜትር። አናቱ ላይ በ1894 የተመረቀ፣ ግንብ የሚመስል የአየር ሁኔታ ጣቢያ አለ። በፈረንሳይ ተራራ ላይ ሰው ተቀምጦበት የሚሰራ የመጨረሻው ጣቢያ ነበር፣ ባለሙያዎቹ በ2023 ወጡ። አሁን ስለ አየር ንብረት የሚያስተምር ሙዚየም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ተራራ ዛፉ ተቆርጦ፣ ከብት ግጦት፣ አፈሩ ታጥቦ ራቁቱን ነበር። ዛሬ የምትነዱበት ጥላ ዦርዥ ፋብር የሚባል የደን ባለሙያ ያስተከለው ነው። ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም።

በ2020 ቱር ደ ፍራንስ ስድስተኛው ቀን እዚህ አናት ላይ ነበር ያለቀው፣ ካዛክስታናዊው አሌክሲ ሉትሴንኮ አሸነፈ። ለእናንተ ዋናው ጠላት ግን ዳገቱ ሳይሆን አየሩ ነው። ከሜዲትራኒያን የሚመጣው እርጥበት መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ተራራ ጋር ነው። ታች ጸሃይ፣ ላይ ጉምና ብርድ መሆኑ የተለመደ ነው። ጃኬት ሳትይዙ አትውጡ።

ላርዛክ፦ ሳይክሉና ፖለቲካው

ከሚዮ ወደ ላርዛክ የሚያወጣው አሮጌው ዋና መንገድ ሰፊ ነው፣ መኪናው ወደ ኤ75 ስለሄደ ይመቻል። ላ ካቫልሪ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ላ ኩቬርትዋራድ የምትባለውን በግንብ የታጠረች የመካከለኛው ዘመን መንደር አይታችሁ ወደ ናን ትወርዳላችሁ፣ በመጨረሻ የዱርቢን ሸለቆ ይዛችሁ ወደ ሚዮ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የዱርቢ ሸለቆ ከታርን ያነሰ ስም ነው ያለው፣ በእኛ አስተያየት ግን ለሳይክል ይሻላል፣ በበጋም ቢሆን አይጨናነቅም።

ይህ አምባ ለፈረንሳዮች ሌላ ትርጉም አለው። በ1971 መንግስት የላ ካቫልሪን ወታደራዊ ካምፕ ከ3,000 ወደ 17,000 ሄክታር አሰፋለሁ አለ። ገበሬው መሬቱን ሊነጠቅ ነው። 103 ገበሬዎች በ1972 መሬታችንን አንሸጥም ብለው ቃል ገቡ፣ በዚያው ዓመት በጎቻቸውን ፓሪስ ድረስ ወስደው ኤፍል ታወር ስር አሰማሩ። አስር ዓመት ታገሉ። በ1981 ፍራንሷ ሚተራን ሲመረጡ እቅዱ ተሰረዘ። ካምፑ ግን በድሮ ስፋቱ ዛሬም አለ፣ ከ2016 ጀምሮ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር 13ኛ ግማሽ ብርጌድ ሰፍሮበታል። ይህ ጦር በ1941 ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር የተዋጋ ነው፣ ከ1962 እስከ 2011 ደግሞ ጅቡቲ ነበር። ዓለም ጠባብ ናት።

በጎቹ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከጠየቃችሁ መልሱ ሮክፎር ነው። ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት አይብ ነው፣ በበግ ወተት ብቻ ይሰራል፣ ሮክፎር ሱር ሱልዞን መንደር ዋሻዎች ውስጥ ይበስላል። ስሙ ከ1925 ጀምሮ በህግ የተጠበቀ ነው። በ1999 አሜሪካ ይህን አይብ ላይ ከባድ ቀረጥ ስትጥል ዦዜ ቦቬና ጓደኞቹ ሚዮ ላይ በግንባታ ላይ የነበረ ማክዶናልድስ አፍርሰው ለእስር በቅተዋል። ጾም ላይ ካልሆናችሁ ቅመሱት። ሽታው ያስደነግጣል፣ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ይለመዳል።

ሳትሄዱ በፊት

ውሃ። ከላይ እንመለሳለን ያልነው ይህ ነው። የኖራ ድንጋይ ውሃ አይይዝም፣ የዘነበው ሁሉ ወደ ውስጥ ሰርጎ ታች ሸለቆው ላይ ነው የሚወጣው። አምባው ላይ ምንጭም ወንዝም የለም። የምታዩት ክብ ኩሬ ለበጎቹ የተሰራ ነው፣ አትጠጡት። በሙቀት ቀን ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ። መንደር ውስጥ ቧንቧ ካገኛችሁ ጽሁፉን አንብቡ፦ "ኦ ፖታብል" ማለት ይጠጣል፣ "ኖን ፖታብል" ማለት አይጠጣም። ብዙ ሳይክል ነጂዎች የሚያውቁት ዘዴ ደግሞ የመቃብር ቦታ ነው፣ አበባ ለማጠጣት በር ላይ ቧንቧ አለው። ጽሁፉን ማየት ግን እዚያም አይቀርም።

ምግብ። የገጠር ሱቅ ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ እሁድ ከሰዓትና ሰኞ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ዳቦ ጠዋት ግዙ።

ውሻ። ተኩላ ወደ አካባቢው ስለተመለሰ እረኞች ትልልቅ ነጫጭ ጠባቂ ውሾች ማሰማራት ጀምረዋል። መንጋ ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ውሻው ከመጣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በእሱ መሃል አድርጉ፣ አትጩሁ፣ ድንጋይ አታንሱ፣ እየተራመዳችሁ ከመንጋው ራቁ። ነድቶ ለማምለጥ መሞከር ነው የሚያስነክሰው።

ህግ። ከከተማ ውጭ መኪና ሲያልፋችሁ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከተማ ውስጥ 1 ሜትር። እናንተ ደግሞ ማታ ወይም ጉም ሲሆን ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ የመልበስ ግዴታ አለባችሁ። ሄልሜት ከ12 ዓመት በታች ላሉት ነው ግዴታው፣ ቁልቁለቶቹን ያየ አዋቂ ግን ህግ አይጠብቅም።

ስልክ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት አውርዱ፣ ፓወር ባንክ ያዙ። የአደጋ ጥሪ 112 ነው። ከመስከረም እስከ ህዳር ከሄዳችሁ ጠዋት ጠዋት የሜቴዎ ፍራንስን የማስጠንቀቂያ ካርታ ክፈቱ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ነው። በዚህ ወቅት በሰዓታት ውስጥ የወራት ዝናብ ሊወርድና ወንዞቹ መንገድ ሊያጥለቀልቁ ይችላሉ። ብርቱካናማ ከሆነ ሸለቆ ውስጥ አትግቡ፣ ሆቴል ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ።

መጓጓዣ። ሚዮና ማንድ ባቡር ጣቢያ አላቸው፣ በክልል ባቡር ሳይክል ይዞ መግባትም ይቻላል። ነገር ግን በቀን የሚያልፈው ባቡር በጣም ጥቂት ነው። የመልሱን ሰዓት ሳታዩ ከሸለቆው አትራቁ፣ ያመለጠው የዕለቱ የመጨረሻ ባቡር ሊሆን ይችላል።